ለዋሽንግተን ኮማንደርስ ጽሕፈት ቤት፦ ስለ ሮበርት ግሪፊን ጉልበትና ስለ ጄይደን ዳንኤልስ ክርን

ለአቶ ጆሽ ሃሪስ፣ የክለቡ ዋና ባለቤት
ለአቶ አዳም ፒተርስ፣ ጄነራል ማናጀር
ለአሰልጣኝ ዳን ኩዊን

ግልባጭ፦ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ የአማርኛ አንባቢዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ቲኬት ተወደደ፣ ፓርኪንግ ተወደደ ለማለት አይደለም። እሱም ተወዷል፤ ግን ለሌላ ቀን ይቆየኝ። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው። የተጎዳ ኳርተርባክ፣ ማለትም የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን መሪ ተጫዋች፣ ሜዳ ላይ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን ማነው የሚወስነው?

ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ እሑድ ማታ፣ ላንዶቨር ባለው ስታዲየማችሁ ከሲያትል ጋር ስትጫወቱ ውጤቱ 38 ለ 7 ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ የቀረው ከ8 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን ታሸንፋለች ብሎ አንድ ዶላር የሚያስይዝ ሰው አልነበረም። ኳርተርባካችሁ ጄይደን ዳንኤልስ ግን አሁንም ሜዳ ላይ ነው። ኳሷን ይዞ ሮጠ፣ ተያዘ፣ ሲወድቅ ግራ እጁ ከሥሩ ታጠፈ። ክርኑ ወለቀ። አሰልጣኝ ኩዊን ማስወጣት እንደነበረባቸውና ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ። እንዲህ ብሎ የሚናገር አሰልጣኝ በዚህች ከተማ ብዙ አላየንም።

ግን ሲያትልና ላንዶቨር አንድ ላይ ሲጠሩ በዚህ አካባቢ የከረመ ሰው ሆዱ ይረበሻል። ምክንያቱም ከ12 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እዚያው ስታዲየም፣ ከዚሁ ከሲያትል ጋር፣ ሌላ ወጣት ኳርተርባክ፣ ሮበርት ግሪፊን፣ ጉልበቱ ሲከዳው አይተናል። ያኔ ስታዲየሙ ፌዴክስ ፊልድ ይባል ነበር። የክለቡም ስም ሌላ ነበር። ባለቤቱም እናንተ አልነበራችሁም። ስለዚህ ለሆነው ነገር እናንተን አልከስም። ከሆነው ነገር ምን ተማራችሁ ብዬ ግን እጠይቃለሁ።

ከአንባቢዎቼ መካከል የአሜሪካን ፉትቦልን የማይከታተል ስላለ ትንሽ ላስረዳ። ኮማንደርሶች ይህን አንቀጽ መዝለል ትችላላችሁ። ኳርተርባክ ማለት የቡድኑ መሪ ነው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ኳሷ መጀመሪያ እሱ እጅ ትገባለች። ለማን እንደሚወረውር፣ ለማን እንደሚያቀብል፣ ራሱ ይዞ ይሩጥ እንደሆነ በ3 ሰከንድ ውስጥ ይወስናል። በዚያች 3 ሰከንድ ውስጥ አንዳንዶቹ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ የማያንሱ ሰዎች እሱን መሬት ላይ ለመጣል ይመጣሉ። የእኛ ሰው መጀመሪያ ሲያየው «ይሄ ድብድብ ነው እንጂ ኳስ አይደለም» ይላል። አልተሳሳተም። ግን ሲለምዱት ይይዛል። እሑድ እሑድ ካፌ ውስጥ የአርሰናልና የማንቼስተር ጨዋታ ሲያልቅ ቻናሉ ይዞር የጀመረው በ2012 ነው ብል አላጋነንኩም፤ ቢያንስ እኔ በማውቃቸው ቤቶች። ያዞረው ሰው ደግሞ ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው ነው። ሁሉም የሚጠራው አርጂ ስሪ ብሎ ነው።

ልጁ የተወለደው በ1990 በጃፓኗ ኦኪናዋ ነው። እናትና አባቱ የአሜሪካ ጦር ባልደረቦች ነበሩ። ያደገው ቴክሳስ፣ ኮፐራስ ኮቭ በምትባል የወታደር ሰፈር ነው። ፉትቦል ብቻ አይደለም የሚጫወተው። በ400 ሜትር መሰናክል ሩጫ በ2008 የአሜሪካ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ላይ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ሩጫ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳም። ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ2009 የቀኝ ጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ቀኝ ጉልበት መሆኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ድኖ ተነሳ። በ2011 የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን ሽልማት፣ የሃይዝማንን ዋንጫ ወሰደ። በቤይለር ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሽልማቱን ሊቀበል ሲመጣ በሱፍ ልብሱ ሥር የሱፐርማን ካልሲ አድርጎ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

ዋሽንግተን ይህን ልጅ ለማግኘት የከፈለችው ዋጋ እስከ ዛሬ ይወራል። በ2012 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው) ሁለተኛውን ተራ ለመግዛት ሴንት ሉዊስ ራምስ ለሚባለው ክለብ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ሰጠች። በላዩ ላይ አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጨመረች። ማለትም የወደፊቱን ሁሉ አስይዛ አንድ ሰው ገዛች። በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር ደግሞ ከርክ ከዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ መረጠች። ያኔ ብዙ ሰው ገርሞት ነበር። ከዝንስም እዚህ ታሪክ ውስጥ ይመለሳል።

የመጀመሪያው ዓመት ጉድ ነበር። ገና በመጀመሪያ ጨዋታው ኒው ኦርሊንስ ሄዶ 40 ለ 32 አሸነፈ። በኦክቶበር በሚኒሶታ ላይ 76 ያርድ ሮጦ ታችዳውን (እንደ ጎል ያለ ነው) አገባ። ሯጭ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አሳየ፤ የሚያባርሩት ሰዎች መጨረሻ ላይ መሮጣቸውን ተዉት። ቡድኑ 3 አሸንፎ 6 ከተሸነፈ በኋላ በተከታታይ 7 ጨዋታ አሸነፈ። ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ልጁ በዓመቱ 3,200 ያርድ ወረወረ፣ 20 ታችዳውን አቀበለ፣ 5 ጊዜ ብቻ ተነጠቀ። በእግሩ ደግሞ 815 ያርድ ሮጠ። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። 10 ቁጥር ማሊያ በጆርጂያ አቬኑም በኮሎምቢያ ፓይክም የማይታይበት ቀን አልነበረም።

ግን በዚያው ዓመት ምልክቱ ነበር። ኦክቶበር 7 ከአትላንታ ጋር ሲጫወቱ ጭንቅላቱን ተመታ። ውጤቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንተኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ በትክክል መናገር አልቻለም። ክለቡ መጀመሪያ ለሕዝብ ያሳወቀው ግን «ትንሽ ተናውጧል» የሚል ነገር ነበር። ኮንከሽን (የአንጎል መናወጥ) የሚለው ቃል የመጣው በኋላ ነው። ሊጉ ለዚህ ክለቡን 20,000 ዶላር ቀጣው። ለእንዲህ ያለ ክለብ 20,000 ዶላር የሻይ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ዲሴምበር 9 ቀን 2012፣ ከባልቲሞር ጋር። ጨዋታው እያለቀ ነው። ሃሎቲ ንጋታ የሚባል ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተከላካይ ልጁን ሲመታው ቀኝ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ወጣ። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አልፎ ተመልሶ ገባ። እያነከሰ ጥቂት ተጫወተ። ከዚያ እንደገና ወጣ። ከዝንስ ገብቶ ጨዋታውን አቻ አደረገ፣ ቡድኑ በተጨማሪ ሰዓት 31 ለ 28 አሸነፈ። ከተማው ጨፈረ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ክሊቭላንድ ላይም ከዝንስ ብቻውን ተጫውቶ 38 ለ 21 አሸነፈ። ተቀያሪ የለም የሚል ምክንያት አልነበረም ማለት ነው። ተቀያሪው ነበር። ያሸንፍም ነበር።

አሰልጣኝ ማይክ ሻናሃን በባልቲሞሩ ጨዋታ ልጁ የተመለሰው የቡድኑ ሐኪም ስለፈቀዱ ነው ብለው ነበር። ሐኪሙ ዶክተር ጄምስ አንድሩስ ናቸው፤ በዚህ ሙያ በአሜሪካ ከእሳቸው በላይ ስም ያለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ የሲያትሉ ጨዋታ በሚደረግበት ዕለት፣ በዩኤስኤ ቱዴይ ላይ ሌላ ነገር ወጣ። ዶክተሩ በባልቲሞሩ ቀን ልጁ ሳይመረመር ተመልሶ ሜዳ መግባቱን፣ እሳቸው በጣም ፈርተው እንደነበር ተናገሩ። ቆይተው ደግሞ አሰልጣኙ አልዋሹም ሲሉ ነገሩን ለማለዘብ ሞከሩ። ይሁን። ማንም ላይዋሽ ይችላል። ግን አስቡት። ሰባ ሺህ ሰው የሚጮህበት ሜዳ ዳር፣ አሰልጣኙ ጨዋታ እየመሩ፣ ልጁ ሄልሜቱን ይዞ እየተቁነጠነጠ፣ ሐኪሙ ከኋላ ቆመው። ማን ምን እንደፈቀደ እነሱ ራሳቸው አንድ ወር ሙሉ አልተግባቡም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 መጣ። ፕሌይኦፍ፤ የተሸነፈ የሚሰናበትበት ጨዋታ። ልጁ ጉልበቱ ላይ መደገፊያ ብረት አስሮ ገባ። ቡድኑ ኳሷን በያዘባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት የማጥቃት ተራዎች ሁለት ታችዳውን አቀበለ፣ 14 ለ 0። ሜዳው ግን ሣሩ ተልጦ አፈር ሆኖ ነበር። የሲያትሉ ክሪስ ክሌመንስም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ላይ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሷል። ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ልጁ ሲወረውር ጉልበቱ ዞረበት። ከዚያ በኋላ ያየነው ሌላ ሰው ነው። መሰናክል ሲዘል የነበረ ልጅ እግሩን መጎተት ጀመረ። ውርወራው አጠረ። ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ የሚያሳየው ማነከሱን ነው። ካፌ ውስጥ ስለ ፉትቦል ምንም የማያውቁ እናቶች «ኧረ ይሄን ልጅ አስወጡት!» ይሉ ነበር። እናቶች ያዩትን ማየት የተሳናቸው ጠርዙ ላይ የቆሙት ናቸው።

ሻናሃን በኋላ ሲያስረዱ ልጁን ጠይቄዋለሁ አሉ። ልጁም ሕመም አለብኝ፣ ጉዳት ግን የለብኝም፣ እመኑኝ፣ መጫወት ይገባኛል እንዳላቸው ተናገሩ። አልጠራጠርም፤ ብሏል። የ22 ዓመት ልጅ ነው። ከተማው በጀርባው ነው። አሰልጣኙ ሲጠይቀው «አይ፣ ልውጣ» የሚል ኳርተርባክ የት አለ? ቢል ጓደኞቹ ምን ይሉታል? በዚያ ሙያ ውስጥ ፈሪ ከመባል ጉልበት ማጣት ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ታዲያ መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀን ሰው መጠየቅ፣ ለእኔ ጥያቄ አይደለም። ኃላፊነት ማሸጋገር ነው።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሊያልቅ ከ6 ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ፣ ኳሷ ተበላሽታ መጣችለት። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ማንም ሳይነካው ቀኝ ጉልበቱ ታጠፈ። ወደቀ። 24 ለ 14 ተሸነፉ። ያን ቀን በአጠቃላይ የወረወረው 84 ያርድ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ዶክተር አንድሩስ ፍሎሪዳ ውስጥ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። የጎን ጅማቱ ተጠገነ። በ2009 የተሠራው የፊት ጅማት እንደ አዲስ ተሠራ፤ ለዚያ የሚሆነው ጅማት የተወሰደው ከጤነኛው ግራ ጉልበቱ ነው። ቀኝ ጉልበት ብያችሁ የነበረው ለዚህ ነው። ጉልበቱ ከዚህ በፊት አንዴ የተበጠሰ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር። አሰልጣኙም፣ ሐኪሙም፣ ሶፋ ላይ የተቀመጥነው እኛም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። የስፖርት ልብስ ኩባንያው «ለመጀመሪያው ሳምንት እደርሳለሁ» በሚል መፈክር ማስታወቂያ ሠራ። ልጁም አመነበት። በ2013 የዝግጅት ጨዋታዎች ላይ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት በመጀመሪያው ሳምንት ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶች። 13 ጨዋታ ጀመረ፣ 10ሩን ተሸነፈ። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ። አሁን የሚገርመውን ስሙኝ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ሻናሃን ልጁን አስቀመጡት። ምክንያታቸው ምን ነበር? እንዳይጎዳ! በጃንዋሪ እያነከሰ የተጫወተ ልጅ፣ በዲሴምበር በሁለት እግሩ ቆሞ እየሄደ፣ እንዳይጎዳ ተብሎ ተቀመጠ። ለሰሚው ግራ ነው። ሻናሃንም ዓመቱ ሲያልቅ ተሰናበቱ።

በ2014 አዲስ አሰልጣኝ ጄይ ግሩደን መጡ። በሁለተኛው ሳምንት ከጃክሰንቪል ጋር ሲጫወቱ የልጁ ግራ ቁርጭምጭሚት ወለቀ። ተመልሶ ሲመጣ ያ ፍጥነት የለም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ራምስ ላንዶቨር መጡ። ሳንቲም ሲጣል አምበል አድርገው የላኳቸው በግሪፊን ልውውጥ ባገኙት ምርጫ የወሰዷቸውን ተጫዋቾች ነበር። 24 ለ 0 አሸንፈው ሄዱ። ክፋት ነው፣ ግን ሳቅ አምልጦኛል።

2015ን ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የደብዳቤዬ ልብ እዚህ ነው። በኦገስት በዝግጅት ጨዋታ ከዲትሮይት ጋር ሲጫወቱ ደጋግሞ ተመታ፣ መጨረሻ ላይ ጭንቅላቱን ተጎዳ። ከሳምንት በኋላ መጫወት ይችላል ተባለ። ከዚያ ከክለቡ ውጪ ያለ ገለልተኛ ሐኪም አየውና አይችልም አለ። ነገሩ በዚያው ቆመ። ማንም «እመነኝ» አላለም። ማንም ዓይን ዓይኑን አይቶ አልወሰነም። ለምን? ምክንያቱም ከ2013 ጀምሮ ለጭንቅላት ጉዳት ገለልተኛ የነርቭ ሐኪም በየጨዋታው ሜዳ ዳር እንዲቆም ሊጉ ደንግጓል። ለጭንቅላት ሕግ አለ። ለጉልበት የለም።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ገንዘብ ነው። በዚያ ዓመት ክለቡ የ2016 ውሉን አራዝሞለት ነበር። ዋጋው 16 ሚሊየን ዶላር ግድም። ይህ ገንዘብ ያኔ ዋስትና ያለው በጉዳት ብቻ ነው። ማለትም በ2015 ክፉኛ ቢጎዳና ባይድን ክለቡ መክፈል ግዴታው ይሆናል። ከርክ ከዝንስ ዋና ኳርተርባክ ተባለ። ግሪፊን ዓመቱን ሙሉ በመደበኛው ውድድር አንድም ጊዜ ሜዳ አልገባም። በየሳምንቱ ከሰልፉ ውጪ በተራ ልብስ ቆሞ ይታይ ነበር። ከዝንስ በብቃቱ ቦታውን ይዟል፤ ያንን አልክድም። ግን ተቀያሪም እንዳይሆን የተደረገው በዚያ 16 ሚሊየን ምክንያት እንደሆነ ያኔ የስፖርት ጋዜጠኛው ሁሉ የጻፈው ነው። ስለዚህ ክለቡ ተጫዋችን ከጉዳት መጠበቅ አልቻለም አትበሉኝ። ሲፈልግ ጥርት አድርጎ ያውቅበታል። ጉዳቱ በሰውየው ሳይሆን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሲሆን አንድ ጭረት እንዳይነካው አድርጎ ጠብቆታል።

በማርች 2016 ተሰናበተ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ማስታወቂያ አበዛ፣ አፉ አያርፍም፣ ራሱን ይወዳል፣ ሲሮጥ መሬት ላይ መንሸራተት አልተማረም ተባለ። ከዚህ ውስጥ እውነት ያለው አለ። መንሸራተቱን በተለይ እኔም እስማማለሁ፤ ያለቦታው ስንት ጊዜ ተመትቷል። ግን ይህ ሁሉ የጃንዋሪ 6ን ውሳኔ የሚሽር አይደለም።

የቀረው አጭር ነው። ክሊቭላንድ ሄደ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ትከሻው ተሰበረ። ክሊቭላንድ በዚያ ዓመት ከ16 ጨዋታ ያሸነፈችው አንድ ነው፤ እሱንም የጀመረው ግሪፊን ነው። 2017ን ያለ ክለብ አሳለፈ። ከዚያ ባልቲሞር ወሰደችው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በ2019 መጨረሻ ባልቲሞር ምድቡን አሸንፋ አንደኝነቷን አረጋግጣ ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ የሚቀየር ነገር ስለሌለ ላማር ጃክሰንን፣ የዓመቱን ኮከብ፣ አሳረፉት። በእሱ ቦታ ገብቶ ፒትስበርግን 28 ለ 10 ያሸነፈው ማን መሰላችሁ? ግሪፊን። ከስታዲየማችሁ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ክለብ፣ ውጤት የማይቀየርበት ጨዋታ ላይ ኮከቡን ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳይቷል። ለዚያውም በእናንተው የቀድሞ ልጅ።

አሁን ወደ ዳንኤልስ ልመለስ። ልጁ ከግሪፊን ጋር የሚመሳሰለው ነገር ያስፈራል። ሁለቱም ሃይዝማን፣ ሁለቱም ሁለተኛ ተመራጭ፣ ሁለቱም የዓመቱ ጀማሪ። የግሪፊንን የ815 ያርድ የጀማሪ ኳርተርባኮች የሩጫ ክብረ ወሰን የሰበረውም ዳንኤልስ ነው፤ በ2024 891 ያርድ ሮጧል። በዚያው ዓመት እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ወሰዳችሁ። በ2025 ግን መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ የታፋ ጡንቻ፣ ከዚያ ክርን። በዲሴምበር ሚኒሶታ ላይ ተመልሶ ገባ፣ ያው ክርን እንደገና ተነካ፣ ወጣ። ከዚያ ዓመቱ ተዘጋበት። ከ17 ጨዋታ የተጫወተው 7ቱን ነው።

እንደ ግሪፊን ይሆናል አልልም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው። ግን የዚህች ከተማ ታሪክ ለኳርተርባክ እግር አያዝንም። ጆ ታይስማን በኖቬምበር 18 ቀን 1985 እግሩ ሲሰበር አሜሪካ በቴሌቪዥን አይታለች። አሌክስ ስሚዝ ደግሞ ታይስማን ከተሰበረ ልክ በ33ኛው ዓመት፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2018፣ እግሩ ተሰብሮ ቁስሉ አመርቅዞ 17 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። እነዚያ ሁለቱ ድንገተኛ አደጋዎች ናቸው፤ ማንንም አልወቅስም። የግሪፊንና የዳንኤልስ ግን ድንገት አይደለም። ሁለቱንም «አስወጡት» የሚል ሰው ከጉዳቱ በፊት ነበር።

አንዳንዱ «አንተ ምን አገባህ?» ይለኝ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ሃይስኩል ፉትቦል ይጫወታል። ብዙ የእኛ ልጆች አሁን ይጫወታሉ። ወላጅ ፎርም ላይ ይፈርማል፣ ጨዋታውን ግን አያውቀውም። በሜሪላንድ ሕግ የተማሪ ጭንቅላት ተጎድቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ወዲያው ይወጣል፤ ሐኪም በጽሑፍ ካልፈቀደ አይመለስም። ጥሩ ነው። ጉልበቱ ሲያመው ግን የሚጠየቀው ራሱ ነው። እሱ ደግሞ የሚመልሰው ከቴሌቪዥን የተማረውን ነው። «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» ይላታል እናቱን። አንድ ጊዜ እያነከሰ ቤት ገብቶ ደረጃውን በአንድ እግሩ እየዘለለ ሲወጣ አይተነዋል። ምን ሆንክ ስንለው ምንም አለ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ሊጉ እስኪደነግግ አትጠብቁ። ራሳችሁ ጀምሩት። በጨዋታ መሃል ጉልበቱን፣ ክርኑን፣ ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳ ተጫዋች ተመልሶ ከመግባቱ በፊት ከእናንተ ደመወዝ የማይቆረጥለት ሐኪም ይየው። የእሱ «አይሆንም» የመጨረሻ ይሁን። አሰልጣኙም አይለውጠው፣ ተጫዋቹም አይለምነው። ተጫዋቾች ለቀዶ ሕክምና የራሳቸውን ሐኪም የመምረጥ፣ ሌላ ሐኪም የማማከር መብት በስምምነታቸው ውስጥ አላቸው። ያ ግን ከጨዋታ በኋላ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያች 5 ደቂቃ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ ውጤቱ ካለቀለት ኳርተርባኩ ይውጣ። በስንት ነጥብ ልዩነት፣ በስንተኛው ደቂቃ የሚለውን ከውድድሩ በፊት ወስናችሁ ጻፉት። አሰልጣኝ ኩዊን ያን ማታ በቁጭት ውስጥ ሆነው ሊያስቡት የማይችሉትን ነገር፣ በጁላይ ቡና እየጠጡ ሊያስቡት ይችላሉ። ጉዳት ስታሳውቁንም ጉዳት በሉት። «ትንሽ ተናውጧል» አይነት ነገር ጠግበናል።

የጨዋታው ነገር ይበላሻል የሚሉ ይኖራሉ። ለጭንቅላት ሕግ ሲወጣም ብለው ነበር። ጨዋታው አልተበላሸም። ይልቅ እናንተን ነጋዴ ስለሆናችሁ በንግድ ቋንቋ ላናግራችሁ። ክለቡን በ2023 የገዛችሁት ከ6 ቢሊየን ዶላር በላይ ነው። በዲሲ በድሮው አርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ላይ የምትሠሩት አዲስ ስታዲየም በ2030 ይከፈታል ብላችኋል። የዲሲ ምክር ቤት በ2025 ሲያጸድቀው ከከተማው ካዝና የሚወጣው ከ1 ቢሊየን ዶላር በላይ ነው። በዚያ ካዝና ውስጥ የታክሲ ሹፌሩም፣ የሬስቶራንት ባለቤቱም፣ የጋራዥ ሠራተኛውም ግብር አለ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ይህን ደብዳቤ ሳይተረጎምላቸው የሚያነቡ ናቸው። ወንበሩን የሚሞላው ዳንኤልስ ነው። ባዶ ስታዲየም ምን እንደሚመስል ላንዶቨር ላይ በሚገባ አይታችኋል።

ለግሪፊንም አንድ ነገር ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ሐውልት አላልኩም። ክለቡ በጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ያ ልጅ መውጣት ነበረበት ብሎ አንድ ጊዜ በይፋ ይናገር። አሰልጣኝ ኩዊን ስለ ዳንኤልስ በአንድ ቀን ውስጥ ያደረጉትን፣ ክለቡ ስለ ግሪፊን በዚህ ሁሉ ዓመት አላደረገም። ገንዘብ አያስወጣም።

የልምምድ ካምፑ በጁላይ ሲከፈት የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። በእንግሊዝኛ ብትመልሱም ችግር የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ